የፓርቲ ጉባኤ ላይ ዕጩው ካልለየ ማን ይመርጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጆ ባይደን ከውድድሩ በወጡበት በሐምሌ 2024 ስልኬ አላርፍ ብሎ ነበር። ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «አሁን ማነው የሚመርጠው? እኛ በፕራይመሪ የሰጠነው ድምፅስ የት ገባ?» ፕራይመሪ ማለት ከዋናው ምርጫ በፊት የፓርቲውን ዕጩ ለመለየት በየስቴቱ የሚደረግ ምርጫ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በየአራት ዓመቱም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በአሜሪካ የፓርቲ ጉባኤ ላይ ውድድሩ ሳይቋጭ ሲቀር ምን እንደሚሆን እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፕራይመሪ እያለ ጉባኤ ለምን ያስፈልጋል?

በፕራይመሪ ቀን ወረቀቱ ላይ የምታዩት የዕጩውን ስም ነው። ድምፃችሁ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። የየስቴቱን የጉባኤ ተወካዮች፣ እዚህ አገር ደሊጌት የምንላቸውን፣ ለተወዳዳሪዎቹ ያከፋፍላል። ዕጩውን በፓርቲው ስም የሚሰይሙት እነዚያ ተወካዮች ናቸው።

ዴሞክራቶች የሚያከፋፍሉት በድምፅ ድርሻ ነው። 15 በመቶ ያልሞላለት ባዶ እጁን ይመለሳል። ሪፐብሊካኖች ዘንድ እንደየስቴቱ ይለያያል። አንዱ ስቴት ያካፍላል፣ ሌላው አንደኛ ለወጣው ጠቅልሎ ይሰጣል። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። ሦስት ጠንካራ ተወዳዳሪ ካለ ማካፈሉ ተወካዩን ይበትነዋል። ጠቅልሎ መስጠቱ ደግሞ አንዱን ቶሎ ያስመልጠዋል። ስለዚህ ያልለየለት ጉባኤ የመምጣት ዕድሉ ዴሞክራቶች ዘንድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ለማሸነፍ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል?

ከግማሽ በላይ። ሪፐብሊካኖች በ2024 ሚልዋኪ ላይ ሲሰበሰቡ 2,429 ተወካይ ነበራቸው። የሚያስፈልገው 1,215 ነበር። አንደኛ መውጣት ብቻውን አይበቃም። 40 በመቶ ይዞ ሁሉንም የመራ ሰው ገና አላሸነፈም።

ድሮ ዴሞክራቶች ከዚህም የከበደ ደንብ ነበራቸው። ሁለት ሦስተኛ ይጠይቁ ነበር። በ1844 ማርቲን ቫን ቡረን በመጀመሪያው የድምፅ ዙር ከግማሽ በላይ አገኙ፤ ሁለት ሦስተኛው ግን አልሞላላቸውም። በ9ኛው ዙር ጄምስ ፖልክ ተመረጡ፣ ከዚያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1912 ቻምፕ ክላርክም እንዲሁ ከግማሽ በላይ አግኝተው አመለጣቸው። ዉድሮው ዊልሰን በ46ኛው ዙር ወሰዱት። ደንቡ የተሻረው በ1936 ነው።

እነዚህ ተወካዮች እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ ተራ የፓርቲ ሰዎች ናቸው። አስተማሪ፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ ጡረተኛ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል። በአብዛኛው የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉልኝ። ፕራይመሪው የሚወስነው ስንት ተወካይ ለማን እንደሚደርስ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን ይሁን የሚለው በብዙ ስቴት የሚወሰነው ሌላ ቀን፣ በሌላ ስብሰባ ነው። በ2016 ይህን በዓይናችን አይተናል። የቴድ ክሩዝ ሰዎች በየስቴቱ ስብሰባ እየገቡ ለትራምፕ በተመደቡ ወንበሮች ላይ የራሳቸውን ደጋፊዎች አስቀመጡ። ሰውየው በመጀመሪያው ዙር ለትራምፕ ድምፅ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ልቡ ግን ክሩዝ ጋ ነው። ሁለተኛ ዙር ቢመጣ ያ ወንበር ይገለበጥ ነበር። ትራምፕ ያስፈለጋቸውን 1,237 ከጉባኤው በፊት ስለሞሉ ነገሩ ሳይፈተን ቀረ።

በመጀመሪያው ዙር ማንም ካልሞላለትስ?

ሁለተኛ ዙር ይጠራል። ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ፣ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ። የስቴቶች ስም በተራ ይጠራል፣ የእያንዳንዱ ልዑክ ተናጋሪ ተነስቶ ድምፁን ያሰማል።

ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ተወካዮች ከግዴታቸው ይፈታሉ። ሪፐብሊካኖች ዘንድ አንዳንድ ስቴት ተወካዩን እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አስሮ ያቆያል፤ ሌላው ወዲያው ይለቀዋል። ሁለተኛ፣ ዴሞክራቶች ዘንድ ሱፐር ደሊጌቶች ይገባሉ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። መጨረሻ የወጣ ሰው ይሰረዛል የሚል ደንብ የለም። ሁሉም እስከፈለገ ድረስ መቆየት ይችላል። እስከዚያ ድረስ ስሙ ያልተነሳ አዲስ ሰው እንኳ መሃል ላይ ሊገባ ይችላል።

ታዲያ ድምፅ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው እንዴት ነው?

በድርድር፣ በልመና፣ በቂም፣ አንዳንዴም በድካም። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

በ1860 ሪፐብሊካኖች ቺካጎ ውስጥ ዊግዋም በተባለ የእንጨት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሁሉም የጠበቀው የኒውዮርኩን ዊሊያም ሰዋርድን ነበር። ለማሸነፍ 233 ድምፅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ሰዋርድ 173 ተኩል፣ ሊንከን 102 አገኙ። የሊንከን ሰዎች የያዙት ዘዴ ቀላል ነው። «አንደኛ ምርጫችሁን አንነካም፤ ሁለተኛ ምርጫችሁ እኛ እንሁን» እያሉ ልዑኩን በየሆቴሉ አዳረሱ። ሁለተኛው ዙር ላይ ልዩነቱ ወደ ሦስት ድምፅ ተኩል ወረደ። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ሊንከን 231 ተኩል ላይ ቆሙ። የጎደለው አንድ ተኩል ብቻ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ ዴቪድ ካርተር የሚባሉ፣ አንደበታቸው የሚንተባተብ የኦሃዮ ሰው ወንበራቸው ላይ ወጡ። የአራት ሰው ድምፅ ከሌላው ተወዳዳሪ ከቼዝ ወደ ሊንከን መዞሩን እየተንተባተቡ ተናገሩ። አለቀ። የአሜሪካ ታሪክ የተቀየረው በእነዚያ አራት ሰዎች ነው።

ሁለተኛው የ1932ቱ ነው፤ እሱም ቺካጎ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሦስት ዙር መርተው ሁለት ሦስተኛው አልሞላ አላቸው። አራተኛ ዙር ከመድረሱ በፊት የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ጆን ጋርነር ተወካዮቻቸውን ለቀቁ። የቴክሳስ 46 እና የካሊፎርኒያ 44 ድምፅ ወደ ሩዝቬልት ዞረ። ጋርነር ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። የካሊፎርኒያን ድምፅ መድረክ ላይ ወጥተው ያወጁት ዊሊያም ማካዱ ናቸው። ይህን ስም ያዙልኝ።

103 ዙር የሄደ ጉባኤ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1924 ዴሞክራቶች ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገቡ። ሰኔ 24 ጀምረው ዕጩ ያገኙት ሐምሌ 9 ነው። አንድ ወገን ዊሊያም ማካዱ፣ ሌላው ወገን የኒውዮርኩ ገዥ አል ስሚዝ ነበሩ። ስሚዝ ካቶሊክ ናቸው፣ የከተማ ልጅ፣ የስደተኛ የልጅ ልጅ። ከማካዱ ጀርባ የገጠሩ፣ የደቡቡና የምዕራቡ ሰው ቆሟል። የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክለክስ ክላን በስም ይወገዝ አይወገዝ በሚለው ላይ ጉባኤው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የውግዘቱ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ያህል ልዩነት ወደቀ።

ከ1,098 ድምፅ 732 ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ቆሙ። አንዱ ማሸነፍ አይችልም፣ ሌላውን ግን ማገድ ይችላል። በፊደል ተራ የምትቀድመው አላባማ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር የሚከፈተው በአላባማ ገዥ ድምፅ ነበር። «አላባማ 24 ድምፅ ለኦስካር አንደርዉድ!» የፓርቲ ጉባኤ በሬዲዮ መተላለፍ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። አገሩ በሙሉ ያንን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ሰማው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ የተወካዩ የሆቴል ገንዘብ እያለቀ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ለቀቁ። በመጀመሪያው ዙር 31 ድምፅ ብቻ የነበራቸው ጆን ዴቪስ በ103ኛው ዙር ተሰየሙ። ኅዳር ላይ ካልቪን ኩሊጅ በሰፊው አሸነፏቸው።

ማካዱ ከስምንት ዓመት በኋላ የካሊፎርኒያን 44 ድምፅ ለሩዝቬልት ሲሰጡ፣ ከፊታቸው ተሸናፊ ሆነው የቆሙት ያው አል ስሚዝ ነበሩ። ቂም አንድ ጉባኤ ላይ ተጸንሶ ሌላው ላይ ይወለዳል የምለው ለዚህ ነው።

ራሱን ያላቀረበ ሰው መመረጥ ይችላል?

ጄምስ ጋርፊልድ በ1880 የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ የሆኑት ይህንኑ ነው። ወደ ጉባኤው የመጡት ለጆን ሸርማን ድምፅ ሊለምኑ ነበር። ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች ግራንትና ብሌይን 33 ዙር ተፋጠጡ። በ34ኛው ዙር የዊስኮንሲን ልዑክ በድንገት 16 ድምፅ ለጋርፊልድ ሰጠ። እሳቸው ተነስተው «ሳልፈቅድ ማንም በስሜ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም» ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢው ዝም በሉ ብለው አስቀመጧቸው። በ36ኛው ዙር 399 ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ግራንት 306 ላይ ቀሩ፤ የግራንት ሰዎች እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላሉም።

ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ፍልሚያ አለ?

አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ፍልሚያ እሱ ነው። ሁለት ኮሚቴዎች አሉ፤ አንደኛው ውክልና የሚያጣራው፣ ሁለተኛው ደንብ የሚያወጣው። ከአንድ ስቴት ሁለት ልዑክ መጥቶ ሁለቱም «እኛ ነን ትክክለኛዎቹ» ካለ፣ ማን ወንበር ያግኝ የሚለው ዕጩውን ሊወስን ይችላል።

በ1952 የሪፐብሊካኑ ሮበርት ታፍት ከአይዘንሃወር ጋር ሲፎካከሩ የፓርቲውን መዋቅር በእጃቸው ይዘው ነበር። ከቴክሳስ፣ ከጆርጂያና ከሉዊዚያና ሁለት ሁለት ልዑክ መጣ። የአይዘንሃወር ሰዎች አንዲት ማሻሻያ አቀረቡ። ውክልናው የተጠየቀበት ሰው በሌላው የተጠየቀ ውክልና ላይ ድምፅ አይስጥ የምትል። ስሟንም «ፍትሐዊ ጨዋታ» አሏት። እንዲህ ያለውን ስም ማን ይቃወማል? ማሻሻያዋ አለፈች፣ አከራካሪዎቹ ወንበሮች ወደ አይዘንሃወር ሄዱ። አይዘንሃወር በመጀመሪያው ዙር 595 ደረሱ፤ 604 ነበር የሚያስፈልገው። ሚኒሶታ 19 ድምፅ ቀየረችና ተፈጸመ።

በ1972ም ዴሞክራቱ ማክገቨርን ካሊፎርኒያን አሸንፈው 271 ተወካይ ጠቅልለው ወሰዱ። አጣሪው ኮሚቴ 151ዱን ነጠቃቸው። ጉባኤው ማያሚ ቢች ላይ ድምፅ ሰጥቶ መለሰላቸው። ያ ባይመለስ ኖሮ ዕጩነታቸው አደጋ ላይ ነበር።

ስለዚህ ቴሌቪዥን ላይ «ደንብ ኮሚቴው ዛሬ ተሰብስቧል» የሚል ዜና ስትሰሙ ቻናል አትቀይሩ።

የሕዝብን ድምፅ መርገጥ አይደለም ወይ?

ሊሆን ይችላል። በ1968 ዴሞክራቱ ሁበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደሩ ቺካጎ ላይ ተሰየሙ። ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ ተገድለው ነበር። ዩጂን ማካርቲ በየፕራይመሪው የለፉት ልፋት ዋጋ አጣ። ውጭ ጎዳናው ላይ ፖሊስ ወጣቱን ይደበድብ ነበር። ሰው «ተካድን» ቢል አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ ነው ፓርቲው ደንቡን ለውጦ ፕራይመሪው ወሳኝ የሆነው።

በሌላ በኩል 35 በመቶ ያገኘ ሰው ሕዝቡ መረጠው ማለት ይከብዳል። 65 በመቶው ሌላ ሰው ፈልጓል። የተበተነውን ድምፅ ወደ አንድ የሚያመጣ መንገድ ያስፈልጋል። እኔ ድርድሩን አልጠላም። የምጠላው ድርድሩ ተዘግቶ ሲደረግ ነው። በ1920 ሃርዲንግ ቺካጎ ብላክስቶን ሆቴል ውስጥ ተመረጡ እየተባለ «ጭስ የሞላበት ክፍል» የሚለው አባባል ከዚያ ቀርቷል።

ሱፐር ደሊጌት ምንድን ነው?

በሹመቱ ምክንያት ወንበር የሚያገኝ ዴሞክራት ነው፤ የኮንግረስ አባል፣ ገዥ፣ የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ አባል፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንት። ለማንም የመምረጥ ግዴታ የለበትም። አሠራሩ በ1984 ሥራ ላይ ዋለ። ከ2016 ቅሬታ በኋላ በ2018 ደንቡ ተለወጠ። አሁን ውጤቱ አስቀድሞ ካልለየ በስተቀር በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም። ሁለተኛ ዙር ከመጣ ግን ይገባሉ፤ ያኔ ስልካቸው አያርፍም።

ለመጨረሻ ጊዜ የሆነው መቼ ነው?

ከአንድ ዙር በላይ የሄደ ጉባኤ ሪፐብሊካኖች ዘንድ በ1948፣ ዴሞክራቶች ዘንድ በ1952 ነው። ሁለቱም በሦስተኛው ዙር አለቁ፤ ዱዊ እና ስቲቨንሰን።

በጣም የቀረበው የ1976ቱ ነው፤ ካንሳስ ሲቲ። ፎርድና ሬገን ተናንቀው ገቡ። ሬገን ምክትላቸውን ቀድመው አሳውቀው ስለነበር፣ ፎርድም ከድምፁ በፊት ምክትላቸውን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ ሰዎቻቸው አቀረቡ። ሐሳቡ ቅርብ ለቅርብ ወደቀ። በማግስቱ ፎርድ 1,187 ለ1,070 አሸነፉ፤ የሚያስፈልገው 1,130 ነበር። ያቺ የደንብ ድምፅ ብትዞር ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። በ1980 ደግሞ ቴድ ኬኔዲ ተወካዮች ከግዴታቸው እንዲፈቱ ጠየቁ። ጉባኤው እምቢ አለ፣ ካርተር ተሰየሙ።

የ2024ቱስ እንዲህ ያለ ጉባኤ ነበር?

አልነበረም፤ ግን ሊሆን ይችል ነበር። ባይደን ሐምሌ 21 ሲወጡ የፕራይመሪ ተወካዮቻቸው ነጻ ሆኑ። ለካማላ ሃሪስ «የሚወረስ» ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ተወካይ ራሱ መወሰን ነበረበት። ለመቅረብ የ300 ተወካዮች ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ከአንድ ስቴት ከ50 በላይ አይቆጠርም ነበር። ያንን ያሟላው ሃሪስ ብቻ ነበሩ። ድምፁም የቺካጎ ጉባኤ ሳይከፈት፣ በነሐሴ መጀመሪያ በኢንተርኔት ተሰጠ። በፕራይመሪ ድምፅ የሰጣችሁት ለባይደን ነው። በዚያ ድምፅ ወንበሩን ያገኘው ሰው ነው ወደ ሃሪስ የሄደው።

ዕጩው ከጉባኤው በኋላ ቢወጣስ?

የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ይተካል። በ1972 የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩው ቶማስ ኢግልተን ሲለቁ ኮሚቴው ሳርጀንት ሽራይቨርን ተካ።

ይህ ነገር እኛ ሰፈር ይደርሳል?

ደርሷል። ሐበሻው በብዛት በሚኖርባት ቨርጂኒያ ሪፐብሊካኖች በ2021 የገዥ ዕጩያቸውን በፕራይመሪ ሳይሆን በጉባኤ መረጡ። ወቅቱ ኮሮና ስለነበር አንድ አዳራሽ አልተሰበሰቡም፤ በስቴቱ ዙሪያ በተለያዩ ጣቢያዎች ከ30 ሺህ በላይ ተወካይ ድምፅ ሰጠ። ተወዳዳሪው ሰባት ነበር። ወረቀቱ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቅደም ተከተል ነው የጻፉት። መጨረሻ የወጣው እየወደቀ ድምፁ ወደ ቀጣዩ ምርጫ ተሸጋገረ። ግሌን ያንግኪን በስድስተኛው ዙር አሸነፉ፣ ኅዳር ላይም ገዥ ሆኑ። የ1860ው ድርድር ወረቀት ላይ ወረደ ማለት ነው።

ወገኖቻችን በብዛት ባሉባት ሚኒሶታ ደግሞ በሐምሌ 2025 የሚኒያፖሊስ ዴሞክራቶች ጉባኤ ለከንቲባነት ኦማር ፋቴህን ደገፈ። በሚቀጥለው ወር የስቴቱ ፓርቲ በድምፅ አሰጣጡ ላይ ችግር አግኝቶ ድጋፉን ሻረው። የማጣራት ነገር እንደ 1952ቱ ዛሬም ይነክሳል።

እኔ ተወካይ መሆን እችላለሁ?

ዜግነት ካላችሁና ለመምረጥ ከተመዘገባችሁ መንገዱ ክፍት ነው። ፓርቲው በየስቴቱ የተወካይ ምርጫ ዕቅድ ያወጣል፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ የምትደግፉትን ዕጩ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ በወረዳችሁ ስብሰባ ላይ ትወዳደራላችሁ።

እኔ አንዱ ስብሰባ ላይ ተገኝቻለሁ። ቦታው የትምህርት ቤት ጂም ነው። ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመር፣ ታጣፊ ወንበር፣ ጥግ ላይ ቡና በወረቀት ኩባያ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አሥራ ሁለት ዘመድና ጎረቤት ይዘው መጥተው ነበር፤ አሸነፉ። እኔ ብቻዬን ነበር የሄድኩት።

የማመልከቻው ቀነ ገደብ ብዙ ቦታ ሰው ስለ ጉባኤው ማውራት ከመጀመሩ ከወራት በፊት ያልፋል። ጥር ላይ ለካውንቲው የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል፣ ስብሰባው የት ነው፣ በሩ ስንት ሰዓት ይቆለፋል። የመጨረሻዋን አትርሱ። ሰዓቱ ካለፈ ከነደጋፊያችሁ ውጭ ትቀራላችሁ።